ማድ ቤት የተባለው ክፍል

የከተማችንን የግንባታ ፈቃድ መዝገብ ብቻ አይቶ የሚፈርድ እንግዳ ቢመጣ፣ ነዋሪው ሁሉ ቀን ከሌት የሚያበስል እንጂ የሚተኛ አይመስለውም። ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ሠርቷል፤ ሰርቪሱም በፕላኑ ላይ ወይ ማድ ቤት ነው ወይ መጋዘን። መመሪያው በአንድ ካርታ አንድ መኖሪያ ቤት ይላል። ከጀርባ የሚሠራው ለማብሰያ፣ ለዕቃ ማስቀመጫና ለመጸዳጃ ብቻ ነው፤ ሰው አይተኛበትም። ስለዚህ አዲስ ሙሽሮች፣ ባሏ የሞተባት አክስት፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህር፣ ሁሉም በወረቀት ማድ ቤት ውስጥ ተሰግስገው ይኖራሉ። ጎረቤታችን ነጋዴው ሦስት ክፍል መጋዘን አለው። መስከረም ላይ ወደ ግሸን የሚሄደው ምዕመን በከተማችን ሲያልፍ፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ማልዶ ተነስቶ መዝሙር ሲዘምር እንሰማለን።

ቢሮው ይህን አያውቅም እንዳትሉኝ። ሠራተኞቹ ራሳቸው ተከራይተው የሚኖሩት እነዚሁ ማድ ቤቶች ውስጥ ነው።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከተማችን ከሐይቅ ከተማ ብዙም የማትርቅ፣ ከአምባሰል ተራሮች ግርጌ ያለች፣ የሐይቁ ውሃ ከታች የሚታይባት ትንሽ ከተማ ናት። ከአባታችን የወረስነው ግቢ ካርታው በእኔ ስም ነው። ግቢው የእኔም የእህቴም ነበር፤ እሷ ዓረብ አገር ስለነበረች ግን ስም ሲዛወር «ለጊዜው በአንተ ይሁን» ተባለ። ለጊዜው የተባለ ነገር እንዴት እንደሚከርም አገር ያውቃል።

እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እታለም እያልኩ ነው የምጠራት። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ጉልበቷ እያመማት ተመለሰች። ዋናው ቤት በእኔ፣ በሚስቴና በአራት ልጆቻችን ሞልቷል። ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኛች ጥቂት ወራት ከቆየች በኋላ የምትፈልገውን ነገረችኝ። ጓሮው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ መስኮቱ ወደ ውሃው የሆነ አንድ ክፍል። «ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ሰው ሲነሳ የማልነሳበት፣ የራሴ የምለው ቤት» አለችኝ። ወጪው ሁሉ በእሷ ነው። ከእኔ የሚጠበቀው ፈቃዱን ማውጣት ብቻ ነበር።

ንድፉን ራሴ ሠርቼ፣ ባለሙያ አስፈርሜበት ቢሮ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው የድሮ ተማሪዬ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምረው የአራት ማዕዘንን ዙሪያና ስፋት መለየት አቅቶት ዓመቱን ሙሉ ያደከመኝ ልጅ፣ ዛሬ የሰው ቤት ስፋት ይወስናል። ሳይነሳ «ቲቸር!» አለኝና ፕላኑን ዘረጋው። ብዙ አላየውም። ጣቱን መኝታ ቤት በሚለው ጽሑፍ ላይ አሳረፈ።

«ይሄንን ያጥፉትና ማድ ቤት ይበሉት። ጭስ መውጫም ይጨምሩበት።»

«ማድ ቤት አይደለማ። እህቴ ልትኖርበት ነው።»

«አውቃለሁ ቲቸር። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ጉቦ እንኳ አልጠየቀኝም። ጉቦ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ የሚፈልገውን ያውቃል። ይህ ልጅ ግን የምዋሸውን ውሸት እየነገረኝ፣ የምዋሽበትን ቅጽ እየሰጠኝ፣ ሁለታችንም ሕግ ያከበርን ይመስለው ነበር። ቅጹ የግዴታ ውል ነው፤ ክፍሉ ማድ ቤት ከመሆን ሌላ ለምንም እንደማይውል ባለ ካርታው ይፈርማል። በኪሴ ይዤው ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ያንን ጠረጴዛ፣ ያንን ማኅተም፣ ያንን በየቦታው «ቲቸር» የሚል አፍ እየሰደብኩ ቤቴ ደረስኩ።

እታለም የምትስቅ መስሎኝ ነገሩን እንደ ቀልድ ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ወላሂ አይሆንም» አለች።

«ወረቀት እኮ ነው፣ እታለም።»

«ወረቀት ከሆነማ እውነቱን ይጻፉበታ!» ከሶፋው ብድግ አለች። «ስማኝ ወንድማለም። የመጀመሪያዋ መዳሜ ቤት የምተኛው ማድ ቤት ውስጥ ነበር፣ ፍራሽ አንጥፌ፣ ከፍሪጁ ጎን። ልጆቹ ውሃ ሲጠማቸው ተራምደውኝ ነው የሚያልፉ። ለናንተ በስልክ፣ ክፍል ሰጥተውኛል እያልኩ እዋሽ ነበር። አሁን በገዛ ላቤ፣ ባባቴ ግቢ፣ ተመልሳ ማድ ቤት ገባች ተብሎ ሊጻፍልኝ ነው? አሊያ ቤት ይበሉኝ፣ አሊያ ይከልክሉኝ።»

ይህን ከዚያ በፊት ነግራን አታውቅም። ሰምቼ ማፈር ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ናቅኳት። ዓረብ አገር የኖረ ሰው ሁሉ ሲመለስ እንዲህ ይኮራል፣ የአገሩ አሠራር ይጠፋበታል ብዬ በልቤ ተሳለቅኩባት። ከተማው ሁሉ የሚዋሸውን አንዲት ውሸት እሷ ምን ቤት ናትና ትጸየፋለች?

በማግስቱ ሄጄ ፈረምኩ። ማታ «ተፈቀደ» አልኳት።

«መኝታ ብለው?»

«አዎ፣ አብሽሪ።»

እጆቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገችልኝ። እኔም አሚን አልኩ።

ግንባታውን ከመሠረቱ እስከ ቆርቆሮው እሷው ቆማ አሠራች። ብሎኬቱን አንድ በአንድ እያንኳኳች ስንጥቁን ትመልሳለች። ጭስ መውጫውን ስታይ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ አየር ማስገቢያ ነው አልኳት። ግድግዳውን ቀለል ያለ አረንጓዴ ቀባችው። አልጋ ከደሴ አስመጣች፣ መጋረጃ ሰፋች፣ የሰፈሩን ሴቶች ጠርታ አስመረቀች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስትወጣ ፊቷ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ጉልበቷ እንኳ የተሻላት መሰለኝ።

አሁን ስለ ምድጃው ልንገራችሁ። ግንባታ ሲያልቅ ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ ማድ ቤቱ ማድ ቤት መሆኑን በዓይኑ አይቶ ይፈርማል። ለዚህ ቀን በሰፈራችን ከግቢ ግቢ የሚዞር አንድ የብረት ምድጃ አለ። አንድ እግሩ ተሰብሮ ድንጋይ ይደገፍለታል። የማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ቁጥጥር ያለበት ሰው ወስዶ ክፍሉ መሐል ያስቀምጠዋል፤ አመድ ነስንሶ፣ አንድ ጥቁር ድስት ይጥድበታል። ተቆጣጣሪዎቹ ምድጃውን እንደ ዘመድ ያውቁታል። አንዱማ ድንጋዩን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ «ይሄ እግር ዛሬም አልተሠራም?» ይላል። ስቀው ይፈርማሉ። ምድጃውም ወደሚቀጥለው ማድ ቤት ይጓዛል።

የእኛ ቀን ሐሙስ ደረሰ። እታለም ዓሣ ልትገዛ በጠዋት በሚኒባስ ሐይቅ ወርዳለች። ከመመለሷ በፊት የሚያልቅ መስሎኝ ነጋዴውን ጠራሁትና አልጋዋን ተሸክመን ከማንጎው ሥር አወጣነው። ፍራሹን ላዩ ላይ ጣልነው፣ መጋረጃውን አወረድን፣ መስገጃዋን አጥፌ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። ምድጃውን አልጋዋ በነበረበት ቦታ ተከልነው።

የድሮ ተማሪዬ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በባጃጅ መጣ። ገቡ፣ ሜትር ዘረጉ፣ አረንጓዴውን ግድግዳ አዩ። ከዚህ በፊት አረንጓዴ ማድ ቤት አላየንም ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በዚህ መሐል እታለም የዓሣ ፌስታሏን አንጠልጥላ በአጥሩ በር ገባች።

መጀመሪያ ያየችው አልጋዋን ነው። ቆመች። ከዚያ ወደ ክፍሉ መጥታ ደጃፉ ላይ ሆና ምድጃውን አየችው።

«አልጋዬ ለምን ወጣ?»

የድሮ ተማሪዬ ነገሩን ሊያቀልላት ፈልጎ «ለአፍታ ነው እህቴ፣ እኛ ስንወጣ ወዲያው ያስገቡታል» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። «ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«እሺ» አለችና ወደ ልጁ ዞረች። «ጻፍ። ማድ ቤት አይደለም፣ ሰው ይኖርበታል ብለህ ጻፍ።»

«እንደዚያ ከጻፍኩ ይፈርሳል እኮ!» አለ ደንግጦ። በእውነት አዘነላት፤ ይህን መካድ አልችልም። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ዓይኑ ደግሞ ወደ እኔ መጣ። ባለ ካርታው እኔ ነኝ። የሚቆጠረው የእኔ ቃል ነው።

«ማድ ቤት ነው» አልኩ።

ፈረመ። እታለም አልጮኸችም። «መዳሜም ፍራሼን እኔ በሌለሁበት አውጥታው አታውቅም» ብላ ፌስታሉን ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው።

እነሱ እንደወጡ አልጋውን ላስገባ ብነሳ ከለከለችኝ። ያን ሌሊት ሶፋው ላይ ተኛች። ሚስቴ ለመነቻት፣ ሽማግሌ ላክሁባት፣ ራሴም እግሯ ላይ ወደቅሁ። ለሁሉም «አውፍ ብያለሁ፣ ቂም የለኝም» አለች። ክፍሉ ውስጥ ግን ዳግመኛ አልገባችም። ከሁለት ወር በኋላ፣ ያንኑ የታመመ ጉልበቷን ይዛ፣ ተመልሳ ዓረብ አገር ሄደች።

ለሰው ሳወራ ቢሮው ነው ያስገደደኝ እላለሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼው ነው። ያ ልጅ መዳሟ ቤት የት ትተኛ እንደነበር አላወቀም፣ ከዚያ ቢሮ ውስጥ የሚያውቅም የለም። ያቺን ሴት አውቄ የዋሸኋት እኔ ነኝ። ያን ቢሮ ዛሬም እንቀዋለሁ፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሁሉ እንቀዋለሁ። ራሴን ግን የምንቅበት ቃል አጥቻለሁ።

ክፍሉ አለ። ሚስቴ ክረምት ክረምት ታበስልበታለች፤ አረንጓዴው ቀለም ከላይ በጭስ ጠቁሯል። እታለም ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች። የልጆቹን ትምህርት ትጠይቃለች፣ የማንጎውን ፍሬ ትጠይቃለች፣ ጤንነቷን ስጠይቃት አልሐምዱሊላህ ትላለች። የት እንደምትተኛ ግን እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም።