ሳልተረጉመው የቀረሁት ቃል

ባለፈው ቅዳሜ አትላንታ አጠገብ ኮንየርስ ካለው ቤቴ ጀርባ ሣር ሳጭድ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩን ስለማላውቀው ላላነሳው ነበር። «ብርቄ ነኝ» አለችኝ በእንግሊዝኛ፤ «ያኔ ያስተረጎምከው አንተ ነህ አይደል?» ማጨጃውን አጥፍቼ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አባቷን ስታፈላልግ ቆይታ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ማረፋቸውን በቅርቡ ሰምታለች። አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ትፈልጋለች፤ ለምን አንድ ቀን እንኳ አልፈለጓትም? እሁድ ሚድታውን አንድ ካፌ ልንገናኝ ተቀጣጠርን። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ፣ ስኮትዴል ከሁለት ልጆች ጋር አፓርታማ ተጋርቼ፣ ሚድታውን ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ሱዛንና ማርክ በየጠዋቱ እኔ ጋ መኪና የሚያቆሙ ባልና ሚስት ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ከኢትዮጵያ ብርቄ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ በማደጎ ሊያመጡ እንደሆነ ነገሩኝና «አብረኸን ሄደህ አስተርጉምልን» አሉኝ። እናቴን ላይ ነው! ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

መስከረም ነበር። ዝናቡ ወጣሁ ብሎ መለስ የሚልበት፣ የአዲስ አበባ መንገድ ጭቃው ያልደረቀበት ጊዜ። ማርክ ቃሪያ ስንግ በድፍረት ገምጦ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሱዛን ደግሞ ልጅ ማዘል ካልተማርኩ ብላ፣ የእንግዳ ማረፊያው ሴቶች በነጠላ ሲያስሩላት ብርቄ በጎን እየተንሸራተተች ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ብርቄ የበቆሎ እሸቷን ሳትለቅ ከሁሉም በላይ ትስቅ ነበር።

ሱዛን ግን በሳቋ ውስጥ ፍርሃት ነበረባት። የብርቄ ዘመዶች ሐሳባቸውን ቀይረው ቢወስዷትስ እያለች ጠዋት ጠዋት ዓይኗ አብጦ ትነሳለች። እኔም ነገሩ ቢበላሽ በኔ የሚሳበብ ይመስለኝ ነበር።

አባቷ አቶ ደምሴ ከጎጃም ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። በትንሽ ብልቃጥ ማር ይዘዋል። ማርክን አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ እንዲነክር አደረጉትና ብርቄን ጣቱን አስጠቧት። በእሳቸው አገር የጡት ልጅ የሚደረገው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤት ዘመድ ይሆናል፤ ልጅቷም የሁለቱም ናት።

«ልጄ፣ ደኅና አድርገህ ንገርልኝ» አሉኝ። «እናቷ ሞታብኝ፣ ማሳደግ አቅቶኝ እንጂ ጠልቼ አልሰጠኋትም። ከዛሬ ጀምሮ እኔና እሱ ወንድማማች ነን። በዓመትም ይሁን በሁለት ዓመት ድምጿን ያሰሙኝ። ስሞት ልጅ አለው ይባልልኝ።»

ሱዛን ፊቷ ነጥቶ ታየኛለች። «ምን አሉ?»

«የአገራቸው መሰናበቻ ነው» አልኳት። «እግዚአብሔር ያሳድጋት ነው የሚሉት።»

«ደብዳቤ ብንጽፍላቸውስ? ፎቶ ብንልክስ?»

«ባትልኩ ይሻላል። ቁስላቸውን መነካካት ነው።»

ይህን ከየት አመጣሁት? እስከ ዛሬ አላውቅም። ለሱዛን ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር፤ ለራሴ ፈርቼም ነበር። አቶ ደምሴ «ምን አለች?» ሲሉኝ «እሺ ብላለች» አልኳቸው። አገላብጠው ሳሙኝ።

አትላንታ ከተመለስን በኋላ አቶ ደምሴ በሰጠኋቸው ስልክ ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ። ከከተማው ቴሌ ወረፋ ጠብቀው ነው የሚደውሉት። «ደኅና ናት፣ ትምህርት ቤት ናት» እላቸዋለሁ። «ድምጿን መቼ ታሰማኛለህ?» «በቅርቡ፣ አይዞዎት።» ለሱዛን ልንገራት ብል ውሸቴ ሊወጣ ነው። በመጨረሻ ኮንየርስ መጋዘን ሥራ አግኝቼ ቤት ቀየርኩ፤ ስልክም ቀየርኩ። አዲሱን ቁጥር ለሳቸው አልሰጠሁም።

እሁድ ብርቄን ሳያት የአባቷ ግንባር ቁጭ ብሏል። አማርኛው ጠፍቷታል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማሩንም፣ ያሉትንም፣ እኔ ያልኩትንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ስልኳን አውጥታ ሱዛን ጋ ደወለች፤ ድምፁን ለሁለታችንም ከፍታ «ለእናቴ አንተ ንገራት» አለችኝ።

ለሱዛንም ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ በለሆሳስ «በየልደቷ አንድ ፎቶ አሳጥቤ ፖስታ ውስጥ እከት ነበር» አለች። «የአባቷን ስምና ከተማቸውን ጽፌበታለሁ። ሁሉም እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። አትላኩ ብለኸን ነበር እኮ።»

ብርቄ እዚያ ሰው መሃል እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔ ላባብላትም አልደፈርኩም፤ በምን አፌ!

ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይም መንገድ ላይም ይሄንኑ አወጣለሁ አወርዳለሁ። ክፉ ሰው ቢገኝበት በእሱ አሳብብ ነበር። እሳቸው ድምጿን ሲጠብቁ ሞቱ። ሱዛን ቁስላቸውን ላለመንካት ብላ ፎቶዋን ቆለፈችበት። በመካከላቸው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።