ለመምህሩ መብት፣ ለእኔ መሐላ

የግቢያችንን የውሃ መሳቢያ ሞተር ሰረቅህ ተብዬ ታስሬ ነበር። አልሰረቅሁም። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ወሬ ነው፤ ሰውን የሚጨርሰው ግን ወሬው ነው።

ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ በአንድ ግቢ የምንኖር ቤተሰቦች አዋጥተን፣ ውሃ ወደ ሮቶው የሚገፋ ሞተር ገዝተን ነበር። ከዓይናለም የሚሳበው የቧንቧ ውሃ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲጠፋ ይጠፋል፤ በመጣበት ሰዓት ያለ ሞተር ወደ ላይ አይወጣም። አንድ ጠዋት ሞተሩ ከቦታው ታጣ። በዚያው ጠዋት መዶሻና መሮዬን በጆንያ ተሸክሜ ስወጣ አንዲት ጎረቤት አይታኛለች። ያን ጆንያ በየቀኑ እሸከመዋለሁ። ያን ቀን ግን በውስጡ ያለው ሞተር ሆነ።

ፖሊስ ጣቢያ አሳደሩኝ፣ ቤቴን ፈተሹ፣ ምንም አላገኙም። "ሂድ፤ መዝገቡ ግን ክፍት ነው፣ ስንጠራህ ትመጣለህ" አሉኝ። ጠራቢ የሚውለው በሰው ግቢ ነው፤ ባለቤቱ በሌለበት፣ ዕቃው ተበትኖ። መዝገብ የተከፈተበትን ጠራቢ ማን በር ይከፍትለታል? የጀመርኩትን አጥር እንኳ መሀሉ ላይ "ይቅርብን" አሉኝ። ባለቤቴ ጎንደሬ ናት። ቦቴ ሲመጣ ጀሪካን ይዛ ስትሰለፍ፣ ሴቶቹ "ውይ አንቺ ደግሞ! ሞተር ያለው ቤት ምን ወረፋ ያስይዘዋል?" ይሏታል። ይሳሳቃሉ። መጀመሪያ ትመልስላቸው ነበር፤ ኋላ ተወችው።

ከግቢያችን ጀርባ የመብት ማኅበር ሰብሳቢ ይኖራል፣ እኩያዬ ነው። ሞተሩ ከመጥፋቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከሌላ ክልል የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ኮምፒውተር ሰረቀ ተብሎ ሲታሰር፣ ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲው ባለበት በእንዳ ኢየሱስ መንገድ ላይ ቆሞ "ንጹሕ ነኝ ብለህ አስረዳ ተብሎ ሰው አይጠየቅም! የከሰሰው ያስረዳ!" እያለ ጮኸ። እዚያው አቅራቢያ እጠርብ ስለነበር መዶሻዬን አስቀምጬ አጨበጨብኩ። መምህሩ በውሸት ነበር የታሰረው፤ ተፈታ። ለእሱ በመጮኹ ዛሬም ቅር አይለኝም።

እኔም ሲቸግረኝ ወደዚህ ሰው ቢሮ ሄድኩ። ያችው ንግግሩ በትልልቅ ፊደል ተጽፋ በሩ ላይ ተለጥፋለች። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ቀስ እያልኩ አነበብኳት። ጠብቅ ተብዬ ስለነበር ደገምኳት። ግባ ስባል በቃሌ ይዣታለሁ።

"ሓወይ፣ ሰምቻለሁ" አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። "የሰፈሩ ሰዎችም አማክረውኛል። ለፊታችን ሚካኤል ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቁምና ማል። አልወሰድኩም በል፣ በቃ፣ ሁላችንም እንገላገል።"

"መምህሩን ለምን አላስማልከውም?"

"የእሱ የመብት ጉዳይ ነው።"

"የእኔስ?"

"ያንተማ የሞተር ጉዳይ ነው።" ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር። አልሳቅሁም።

"በርህ ላይ ያለውን አንብቤ ነው የገባሁት" አልኩት።

"እሱ ለመንግሥት የተጻፈ ነው። ጎረቤትን በሕግ አትችለውም፣ ሓወይ። እኔም ነገ ከእነሱ ጋር ቀብር እወጣለሁ፣ ሰርግ እሄዳለሁ።"

እውነት የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ጣቢያ ላይ መጮኽ ያስከብራል፤ ጎረቤት ላይ መጮኽ ያስኮርፋል። ኩርፊያ ባለበት ደግሞ የመብት ሰው አይገኝም።

አባቴ መሐላ ይፈራ ነበር። "እውነት ይዘህም ቢሆን አትማል፤ አንዴ የማለ ሰው ሁልጊዜ ማል ይባላል" ይል ነበር። እኔ ግን እምቢ ያልኩት ለአባቴ ብዬ ብቻ አይደለም። ከማልኩ፣ እነሱ ማስረዳት ያቃታቸውን እኔ አስረዳሁላቸው ማለት ነው። ሚካኤል መጣ፤ ከቤቴ አልወጣሁም። ሰፈሩ "ንጹሕ ቢሆን ይምል ነበር" አለ። ባለቤቴ "ማልና እንረፍ፣ ደክሞኛል" አለችኝ። "እኔም ደክሞኛል" አልኳት። ያን ሰሞን ጨዋታችን ይኸው ነበር።

በሚቀጥለው ወር፣ ለሰኔ ሚካኤል፣ የግቢያችን ሽማግሌ ከጸበል ተመለሱ። ሞተሩ ከጠፋበት ጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበሩ፣ ስልካቸውን አጥፍተው። ከሮቶው ሥር ቆመው ሽቅብ አዩና፣ "እንዴ! ያ ጠጋኝ ሞተሩን እስካሁን አላመጣውም?" አሉ።

ለካ ሞተሩ ሲንጫጫባቸው፣ ለጸበል ሊሄዱ ዋዜማ ፈትተው፣ ወደ ውቅሮ መውጫው መንገድ ላይ ላለ ጠጋኝ ሰጥተውታል። ለማንም አልተናገሩም፤ ሐሳባቸው ጸበሉ ጋ ነበር። የሆነውን ሲሰሙ ቤቴ መጥተው "ወደይ፣ ልጄ፣ እግርህ ላይ ልውደቅ" አሉ። "እኔ እግር ላይ ምን ያደርጋል፣ ለሰዉ ይንገሩ" አልኳቸው።

ተናገሩም። በበዓሉ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው "ሞተሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ሰው አልነካውም" አሉ። ሰብሳቢው እዚያው ነበር። ጠጋ አልኩት።

"አሁን አንተ በል።"

"ምን ልበል?"

"በርህ ላይ ያለውን።"

"ተገለጸ እኮ፣ ሓወይ! ደግሞ ሌባ ነህ ያለህ የለም፤ ማል ብቻ ነው ያልንህ።" ነጠላውን አስተካክሎ ሄደ። ልከተለው ነበር፤ ደከመኝና ተውኩት።

በነጋታው ሽማግሌው ጣቢያ አብረውኝ ሄዱ። ፖሊሱ ያሉትን ሰምቶ ጻፈ። ማል ያላቸው የለም። መዝገቡ የተዘጋው ሰኔ አሥራ ሦስት ቀን፣ በሚካኤል ማግስት ነው።