የመድረክ ድምፅ

ተዋናይቷ እንግሊዛዊት ነበረች። በወጣትነቷ ፊልሞቿ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከወንድሜ ጋር ተሰልፌ አይቻታለሁ። ዕድሜዋ ሲገፋ ፊልም ሠሪዎቹ ረሷት፤ እሷም ወደ ጀመረችበት ቲያትር ተመለሰች። ጄኔቭ ስትመጣ፣ እንግሊዝኛም መርፌም የማውቅ ስደተኛ ስለነበርኩ ልብሷን የማለብሳት እኔ ሆንኩ።

ክፉ አልነበረችም፤ ነጭናጫ ግን ነበረች። መንጠቆው ጠበቀ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ቀሚሱ ተጨማደደ ስትል ትውላለች። እኔም አንጀቴ ሲያር በአማርኛ የልቤን እነግራታለሁ። እንዲህ ሆነን ተስማምተን እንኖር ነበር።

ወንድሜን ደርግ አስሮት ነበር። እናቴ ስንቅ ታመላልስለታለች፤ ስንቁን እስከተቀበሏት ድረስ አለ ማለት ነው። እኔ ለ ሊኞን፣ ጄኔቭ ዳር ያለው ሰፈሬ ቁጭ ብዬ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ ነው እላለሁ።

ወደ ዙሪክ በምንሄድበት ጠዋት፣ ጋሼ የምንላቸው ያገሬ ሰው ከመልበሻ ክፍሏ ሲወጡ አገኘኋቸው። «ትኬት ልጠይቅ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። ጋሼ ደግሞ ቲያትር አይወዱም።

ባቡር ላይ ሴትዮዋ የመስኮቱን ወንበር ለቀቀችልኝ። የቀዘቀዘ ሻይ አመስግና ጠጣች። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷን ወደ ሐይቁ ታዞራለች። ልታባርረኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ፔርሚዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ዙሪክ፣ በእረፍቱ ሰዓት፣ ለሁለተኛው ክፍል ሳለብሳት መንጠቆውን ሆን ብዬ አጠበቅኩት። ዝም አለች። ይበልጥ ሳብኩት። አሁንም ዝም። ያን ጊዜ ገባኝ። ሊያባርሩት ያሰቡትን ሰው እንዲህ አይታገሱትም፤ እንዲህ የሚታገሱት ሐዘንተኛን ነው።

«ወንድሜ ሞቷል እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ በፍጹም! ወንድምሽ ደህና ነው!»

ይህን ያለችው በመድረክ ድምጿ ነው፤ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ በሚሰማው፣ ሕዝብ በሚያምነው ድምፅ። ለእኔ በዚያ ድምፅ ተናግራ አታውቅም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«አይዋሹኝ» አልኳት።

«ሽማግሌው ቃል አስገብተውኛል። እሑድ ጄኔቭ ስንመለስ፣ ወገኖችሽ ተሰብስበው ሊያረዱሽ ነበር። ብቻዋን እንዳትሰማው አሉኝ» አለችኝ። ተናደድኩባት፤ አዘንኩላትም። ስንት ዘመን ስትተውን ኖራ ይህቺን አንዲት ነገር መደበቅ አቃታት።

ደወሉ ተደወለ። ልጇ የሞተባትን እናት ሆና መግባት ነበረባት። አልሄድም ብላ ያዝ አደረገችኝ፤ እኔው ገፋ አድርጌ አስገባኋት።

በኋላ እንደሰማሁት፣ አዲስ አበባ እናቴ እንዳታለቅስ የደርግ ሰዎች ደጇ ላይ ይጠብቋት ነበር። እኔ ነጻ አገር ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ማሳል እንኳ በማይፈቀድበት ቦታ፣ መዳፌን ነክሼ ቆምኩ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ተወልዶ ለማያውቅ ልጅ ሲንሰቀሰቅ እሰማለሁ። እኔ የወንድሜን ስም ጮክ ብዬ መጥራት አልቻልኩም።