ሳልቀምሰው የጠራሁት ስኮን

ኧርቪንግ ከተማ ባለው ሆቴል ወጥ ቤት እሁድ እሁድም እሠራ ነበር። ልጄን ቅዳሴ የሚያደርሱልኝ ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የሆቴሉ የእንግሊዝ ሻይ ክፍል ግን እሁድ ዝግ ነው። እዚያ አስተናጋጅ እንደሚፈለግ ስሰማ፣ ደክሞኝም ቢሆን ልሞክር አልኩ።

የቅጥር ፈተናው የእንግሊዞቹን ኬክና ዳቦ በስሙ እየጠሩ ማቅረብ ነበር፦ ስኮን፣ ክራምፔት፣ ቤክዌል ታርት። ከትምህርት ቤት ወስጃት ቤታችን ወዳለበት ወደ ቤድፎርድ ስንነዳ ልጄ ታስጠናኛለች።

«እማ፣ እስኮን አይደለም። ስኮን።»

«እሱንማ ነው ያልኩት።»

«ኖ! ፊቱ ላይ እ ጨመርሽ።»

«አንቺ መጀመሪያ ጸሎትን ሰሎት ማለት ተይ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ ቅቤና ወተት የነካውን አልቀምስም። ልጄ የምትጾመው ረቡዕና ዓርብን ብቻ ነው፤ በዚህ በሰው አገር እሱም ተመስገን ነው። ከሆቴሉ የተረፈውን ይዤላት እገባለሁ።

«ስኮኑ ምን ምን ይላል?» አልኳት አንድ ቀን።

አስባ፣ «ዳቦ ነው፤ ግን፣ ማለቴ፣ ኬክ መሆን ይፈልጋል» አለችኝ።

የፈተናው ዕለት ስሞቹን ሁሉ አልኩ። የሻይ ክፍሉ አለቃ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ኬኮቹ ያሉበትን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «የትኛው ይጣፍጥሻል? እንግዶች ይጠይቁሻል» አለች።

ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ እግሬ ዝሏል። አንዲት ጉርሻ ናት፤ ሰው አያየኝም። እሱ ግን ያያል።

«ጾም ላይ ነኝ፤ አንዱንም አልቀመስኩም።»

ሳህኑን ወደ ራሷ መለሰችው። እሁዴ ከእጄ ስትወጣ ታየኝ።

«ልጄ ግን ስኮኑን ቀምሳዋለች» ብዬ ያለችውን ነገርኳት።

አለቃዬ እስኪበቃት ሳቀች። «ለእንግዶቹም እንደዚያው በያቸው። ሰኞ ትጀምሪያለሽ።»

መጀመሪያ ያስተናገድኳቸው እንግሊዛውያን አሮጊትና ሽማግሌ ነበሩ። እሱ ስኮን ሲል እሷ ስኮውን ትላለች፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቁ። ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ የለፋሁት።

በዚያው ሳምንት እሁድ ከልጄ ጎን ቆሜ አስቀደስኩ። እግሬ እንደ ሁልጊዜው ያመኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ስኮኑን ቀመስኩት። እንደ ዳቦ ይደርቃል፣ እንደ ኬክ ይጣፍጣል። ልጄ እውነቷን ነው። ተመስገን ብዬ ጨረስኩት።