ግራው ዱባ ነው

ለሦስት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት የልጄን ራጅ ይዤ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሳይክሉን እየገፋ ለሚመጣ ሁሉ ራጁን ወደ ፀሐይ አነሳና የተሰበረውን የትከሻ አጥንት በጣቴ አሳየዋለሁ። "ፍሬን ልታሠራ ነው? ይሄ የዚህ ሰውዬ እጅ ሥራ ነው፣ እየው" እለዋለሁ። ብዙዎቹ ተመለሱ። አንዱ ሲመለስ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል።

ልጄ ሃያ ዓመቷ ነው። አባቷ ሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት ሲያመላልስ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛላት የተራራ ብስክሌት አላት። ሞላ ያለው ከፊት ብቻ ነው፣ የኋላው ደረቅ ነው። ቅለቱ ግን ጉድ ነው፤ እኔ እንኳ በአንድ እጄ አንስቼ ደረጃ እወጣለሁ። እሑድ እሑድ ከጓደኞቿ ጋር ከአዳማ ዳር ወዳለው ኮረብታ ትሄዳለች። አህዮች በሚወርዱበት ቀጭን መንገድ ቁልቁል ይለቁታል፣ መሐል ላይ ደግሞ አፈር ከምረው የሠሩት መዝለያ አለ። አንድ ቀን ሄጄ አይቻለሁ። ጎማው መሬት ሲለቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አቧራው ውስጥ ሆና ትስቃለች።

ከዚያ በኋላ የእሑድ ቁርስ አልወርድልኝ አለ። ላስቀራት ስላልቻልኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌቱን እኔ አየው ጀመር። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ግን የላላ ብሎን ለይቼ አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ የፍሬኑ ሽቦ ሊበጠስ እንደደረሰ አየሁ። እሷ ኮሌጅ ነበረች፤ ራሴ እየገፋሁ ወሰድኩት።

ጠጋኙ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። እኔ ሰሜን ሸዋ አድጌ በትዳር የመጣሁ ነኝ፤ ከሰላምታና ከገበያ ዋጋ በቀር ኦሮምኛ አልያዝኩም። ሽቦዎቹን ለውጠው ሲጨርሱ መሪውን መታ መታ አደረጉና፣

"አሁን ግራው ዱባ ነው። ለልጅቷ ንገሪያት፣ እንዳትረሺ" አሉኝ።

እኛ አገር ሰነፍ ሰው ዱባ ይባላል። አዲስ ሽቦ ገብቶለት እንዴት ይሰንፋል ብዬ ልጠይቅ አልኩና ሽማግሌ መከራከር አሳፈረኝ። ማታ ለልጄ፣

"ግራው ፍሬን ደካማ ነው ብለዋል፣ ቀኙን አጥብቀሽ ያዢ" አልኳት።

"ችግር የለም እማዬ፣ የኋላው ቀኙ ነው። እሱ ይበቃኛል" አለች።

በማግስቱ መዝለያውን ዘልላ መሬት ስትነካ ቀኙን በሙሉ ኃይሏ ጨመቀችው። የፊቱ ጎማ ቀጥ አለ፣ እሷ በመሪው ላይ አልፋ ድንጋይ ላይ ወደቀች። ሐኪም ቤት ስደርስ መጀመሪያ የነገረችኝ፣ "ግራና ቀኙን አቀያይሮታል" ብላ ነው። ሌላ መስማት አልፈለግሁም።

ያን ሰኞ ደጃፋቸው ስደርስ አንቱ ማለቱን ተውኩ። "ና፣ ይሄን አጥንት እይ" አልኩት።

"ነግሬሻለሁ እኮ" አሉ።

"ለሐኪሙ ንገረው።"

ሊቀጥሉ ሲሉ ድምፄን ከፍ አደረግሁባቸው። ከዚያ በኋላ አልመለሱልኝም። መፍቻቸውን እየጠረጉ ዝም ብለው ያዩኛል። ዝምታቸው ጥፋተኛነታቸው መሰለኝና ባሰብኝ። ያ ደጃፍ ኦና ሆኖ ሳላይ አልተኛም አልኩ፤ ደግሞም ሆኖልኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ክንዷን በአንገቷ አንጠልጥላ ልትወስደኝ መጣች። አፍራለች። ከሰውዬው ጋር በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"እማዬ፣ ያን ቀን ያሉሽን ቃል ብቻ ንገሪኝ።"

"ግራው ዱባ ነው አሉኝ። ሰንፏል ማለት አይደል?"

ልትስቅ ብላ ትከሻዋን አመማት። "ዱባ እኮ በኦሮምኛ ኋላ ማለት ነው። የኋላው ፍሬን ወደ ግራ ዞሯል ነው ያሉሽ። አንቺ ደግሞ በቀኙ ላክሽኝ።"

ንዴቴ አልበረደም፣ የሚያርፍበት ጠፋው እንጂ። ለምን በአማርኛ አላሉኝም ብዬ ዛሬም በልቤ አልማራቸውም። ቢሆንም የመለስኳቸውን ሰዎች ከየቤታቸው እየፈለግሁ አስረዳሁ። ከዚያ የተጣመመውን ብስክሌት ይዤ፣ ራጁንም እንደለመደብኝ በብብቴ ሸጉጬ፣ ከልጄ ጋር "አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ልል ሄድኩ።

ብስክሌቱን ተቀበሉኝ። መሪውን አቃንተው ሠሩት። ደጃፉ ላይ አራት ሰው እስኪሰበሰብ አስጠበቁኝና መሪውን በሁለት እጄ አስያዙኝ።

"ግራው?"

"ዱባ።"

"አልሰማሁም። እስከዛሬ ድምፅሽ አያንስም ነበር።"

"ዱባ" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ቀኙ?"

ልጄን አየኋት። በከንፈሯ ነገረችኝ። "ዱራ። የፊቱ።"

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ሰዎቹ ይስቃሉ። ይበቃቸዋል ስል እጃቸውን ዘርግተው ራጁን ከብብቴ ሥር ሳብ አደረጉት። ወደ ፀሐይ አነሱትና ስብራቱን በቅባት በጠቆረ ጣታቸው ለአራቱም አሳዩ።

"ይሄ" አሉ፣ "የእሷ እጅ ሥራ ነው።"