ከነተሳፋሪው የገዛሁት ፒካፕ

ዛሬ ከቀወት ገጠር ወደ ሸዋሮቢት ስመለስ አንዲት እናት መንገድ ዳር አስቆሙኝና፣ ምንም ሳይጠይቁኝ የሽንኩርት ጆንያቸውን ኋላ ጭነው ጋቢና ገቡ።

የጋቢናውን በር ለመክፈት እኔ ሳምንት ሙሉ ስታገል ነበር። እሳቸው በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው ሳቡት፣ ተከፈተ።

«ሰይድ የት ሄደ?» አሉኝ። ሰይድ ይህን ያገለገለ ፎር ዊል ፒካፕ የሸጠልኝ ሰው ነው።

«ለእኔ ሸጦታል፣ እማማ።»

«አላህ ይባርክልህ። በል ቀስ በል፣ እነ ዘሀራ ዛፉ ስር እየጠበቁ ነው።»

ሰይድ ስለ ሞተሩም ስለ ጎማውም አንድ በአንድ ነግሮኛል። በገበያ ቀን መኪናው የሰፈሩ መሆኑን ግን ዘሎታል።

እነ ዘሀራም ተሳፍረው ኋላው በሰው ጢም ብሎ ሞላ። የደረቀው ወንዝ ስንደርስ አሸዋው ያዘን። ሰዎቹ ለመውረድ ሲነሱ «አትውረዱ፣ ፎር ዊል ነው፣ ይወጣል» አልኩ ኮራ ብዬ። ጎማው እዚያው ጉድጓድ ቆፈረ።

ሁሉም ወረዱና፣ እያንዳንዱ የለመደውን ቦታ ይዞ ገፉልኝ።

ከአሸዋው ስንወጣ እማማ ሻሻቸውን እያራገፉ ተመልሰው ገቡ። «ሰይድም ፎር ዊል ነው ይል ነበር» አሉኝ።

እናንተስ፣ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሻጩ ሳይነግራችሁ የተረከባችሁት ምንድን ነው?