የእትዬ ዘሃራ አክስል

ባለፈው ሳምንት በጓደኛዬ መኪና የሐኪም ጋራን ቁልቁለት ስንወርድ፣ መሪውን ባጠማዘዘ ቁጥር ከፊት ጎማው በኩል ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። እሱ ወሬውን ቀጠለ። እኔ የበሩን እጀታ ጨብጬ እትዬ ዘሃራን አሰብኩ፤ የሃያ አምስት ዓመት ንዴትም እንደ አዲስ ተነሳብኝ።

እትዬ ዘሃራ ሐኪም ጋራ ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ። ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ሲሞቱ አንዲት ሰማያዊ አሮጌ የቤት መኪና ትተውላቸዋል። ጠዋት ጠዋት በእሷ ድንችና ካሮት ወደ ሸዋ በር ገበያ ያወርዳሉ፤ ከሰዓት የሰፈሩን በሽተኛ ሐኪም ቤት ያደርሳሉ። ውስጧ የድንች አፈር፣ የቤንዚንና የሳቸው ሽቶ ተደባልቆ ይሸታል። የካሴት ማጫወቻዋ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ቀዳዳውን በሹራብ ቁራጭ ወትፈውታል። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሴት መኪና ስትነዳ መጀመሪያ ያየሁት እሳቸውን ነው።

አንድ ክረምት መኪናዋ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረች። ሸዋ በር አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወሰዷት። ባለ ጋራዡ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ሰው ነው፤ እሱ ግን፣ "የፊት አክስሏ፣ ጎማውን የሚያዞረው ብረት፣ አልቋል፤ በአዲስ እቀይርልሻለሁ። አንቺ ቤትሽ ሂጂ" አላቸው። ቆመው ማየት እንደሚፈልጉ ቢነግሩት፣ "ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?" ብሎ በሩን ዘጋ። በማግስቱ ተቀይሯል ብሎ አስረከባቸው።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ እናቴን ምጥ ያዛት። እትዬ ዘሃራ እሷን ከኋላ አስተኝተው፣ እኔን ከፊት አስቀምጠው ወደ ሆስፒታል ቁልቁለቱን ጀመሩ። ከቁልቁለቱ ግርጌ ሜዳው ኩርባ ላይ ከሥር አንድ ነገር ቋ ብሎ ተሰበረ። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን አትሄድም። ታናሽ እህቴ እዚያው የኋላ ወንበር ላይ፣ መንገደኛ ሴቶች እናቴን በሻሻቸው ጋርደዋት ተወለደች። እናቴንም መንገደኞች በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። ብዙ ደም ፈሷት ስለነበር አንድ ወር ተኛች፤ ከዚያ ወዲያም ሌላ ልጅ አልወለደችም።

እኔ ያን ሰሞን እትዬ ዘሃራ ቤት ነበርኩ። መኪናዋን አስጎትተው ግቢያቸው አስገቡ፤ ወንድማቸውም ከድሬዳዋ አዲስ አክስል ላኩላቸው። በባለቤታቸው ክሪክ ፊቷን አንስተው፣ ከሥሯ ድንጋይ ደግፈው ጎማውን ፈቱ። የመሀሉ ትልቅ ዳዶ አልላቀቅ ሲላቸው የመፍቻው እጀታ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክተው በሁለት እግራቸው ቆሙበት። ባለቤታቸው ሲሠሩ ለዓመታት ያዩትን እጃቸው አልረሳውም። የተሰበረውን አውጥተው በነጭ ጋዝ ሲያጥቡት ጥቁሩ ቀለም ለቀቀና ብየዳ ታየ። አዲስ የተባለው የራሳቸው አሮጌ አክስል ነበር፤ ባለ ጋራዡ በይዶ ቀለም ቀብቶ መልሶ ገጥሞላቸዋል።

"ወላሂ፣ ሰው እንደምጭንባት ያውቅ ነበር" አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አዲሱን ገጥመው ሲጨርሱ በዚያችው መኪና ሸዋ በር ወረድን። ገበያው በሞላበት ቀትር የተሰበረውን አክስል ተሸክመው ጋራዡ ገቡና የሰውየው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

"አዲስ ነው ያልከኝ ይሄ ነው?"

"መንገዱ ነው የሰበረው። አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?"

"የፈታሁት እኔ ነኝ። ሌላውን ገጥሜ እየነዳሁ ነው የመጣሁት። አንዲት እናት ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት።"

አልሄደም። ሽማግሌ ቢላክበት "የሴት ወሬ ይዛችሁ መጣችሁ?" ብሎ መለሳቸው፤ እነሱም ነገሩን ትተው ወደየቤታቸው ሄዱ። ይሄን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሰውየው ጋራዡን አስፍቶ፣ በሰርግ በሐዘኑ የክብር ቦታ እየተለቀቀለት ኖረ። እናቴ ማንም ይቅርታ ሳይጠይቃት አረጀች።

እትዬ ዘሃራ ግን ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሴት መኪና ልታሠራ ስትሄድ አብረዋት ይሄዱ ነበር። ሥራው ተጀምሮ እስኪያልቅ ከመኪናው አጠገብ ንቅንቅ አይሉም። የሚወጣውን ዕቃ ያያሉ፤ የሚገባውን በእጃቸው ይነካሉ። መካኒኮቹ መጀመሪያ ሳቁባቸው፤ በኋላ ተቆጡ፤ በመጨረሻ ለመዷቸው። ጉልበታቸው ሲደክም በርጩማ ይዘው መሄድ ጀመሩ።

ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዛሬ በዚያ ሰፈር ጋራዦች ሴት መኪና ይዛ ስትገባ፣ ወጣቶቹ መካኒኮች ሳትጠይቃቸው በርጩማ አምጥተው ከጎማው አጠገብ ያስቀምጡላታል። ማን እንዳስለመዳቸው አያውቁም።